በበጎች መንገድ ላይ በብስክሌት



ለዚህ ንግግር ጥሪው ሲደርሰኝ የብስክሌት ወዳጆች ማኅበራችሁ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። «ስፔን ውስጥ በተራራ ብስክሌት ስለሚዞርበት መንገድ አውራልን፤ ግን ለጀግና ሳይሆን ለልከኛ ጋላቢ ስለሚሆነው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከገደል አፋፍ በብስክሌት የሚዘሉ ወጣቶችን የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልካችን ሞልቷል። ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ ቤቱ ለሚገባ ሰው የሚሆን ወሬ ግን ብዙም አይገኝም። ዛሬ የማወራው ለእሱ ነው፤ ለእሷም ጭምር።

ርእሴ በስፔኑ የካስቲያ ምድር ያለ አንድ ዙር ነው። ከሴጎቪያ ከተማ ይነሳል፤ የጓዳራማን ተራሮች ግርጌ ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄድና ፔድራሳ የምትባል በግንብ የታጠረች ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቱሬጋኖ በኩል ተመልሶ ሴጎቪያ ይገባል። በጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቸኮለ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ የምመክረው ሁለት ቀን ነው፤ ሌሊቱን ፔድራሳ አድሮ። የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

አንዲት ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ፤ ደጋግሜ ስለማነሳት ታገሡኝ። መንገዱ የበጎች ነው፤ ብስክሌተኛው እንግዳ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚዞር ሰው መንገዱ ለምን እንዲህ ሰፊ፣ ለምን እንዲህ ለእግር የተመቸ፣ ለምንስ ለማንም ክፍት እንደሆነ ሳይገባው ወደ አገሩ ይመለሳል።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ።

ከማድሪድ በስተሰሜን ምዕራብ የጓዳራማ ተራሮች ተዘርግተዋል። ማድሪድ በዚህ በኩል ናት፤ ሴጎቪያ በዚያ በኩል። ፈጣኑ ባቡር ከተራራው ሥር 28 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ሾልኮ በግማሽ ሰዓት ያህል ያደርሳል። የተራሮቹ ከፍተኛ ጫፍ ፔኛላራ ይባላል፤ 2,428 ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ ፒያሳ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ከዚያ ጫፍ ጋር በከፍታ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሴጎቪያ ራሷ 1,000 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ዙሩም ከ1,200 ሜትር ብዙ አያልፍም። እንጦጦን የለመደ ሳንባ እዚያ ሲደርስ አየር ይተርፈዋል። ተጠቀሙበት፤ ግን አትኩራሩ። የሐምሌ ፀሐይ ሲያገኛችሁ ኩራቱ የት እንደገባ አታውቁትም።

ልከኛ ያልኩት ለምንድን ነው? ረጅም አቀበት የለውም። ሜዳም ግን አይደለም። ከተራራው የሚወርዱ ጅረቶች መንገዱን በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ያቋርጡታል፤ እያንዳንዱ ጅረት አጭር ቁልቁለትና አጭር ዳገት ነው። አንዱ አይጎዳም፤ ሲደጋገም ግን ጭን ይቆጥረዋል። መሬቱ ሣርና ጠጠር ነው፤ አልፎ አልፎ ከአፈሩ ብቅ ያለ ዐለት አለ። ማርሹን ዳገቱ ከመድረሱ በፊት የሚቀይር፣ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ብቻ የማይጨብጥ ሰው ይወጣዋል።

በነገራችን ላይ ሴጎቪያ ለብስክሌት ባዳ አይደለችም። በ1988 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ፔድሮ ዴልጋዶ የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ በቁልምጫ ፔሪኮ ይሉታል። በ2016 በዚሁ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሰለፈው የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ነበር። ሆኖም በመንደር ቡና ቤት ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትሉ የሚጠሩላችሁ የሯጮችን ስም ነው። ይህን ማስተካከል የእናንተ ፋንታ ይሁን።

ሁለተኛው ነጥቤ መንገዱን ማን ሠራው የሚል ነው። ከሰዓቴ አብዛኛውን የምሰጠው ለዚህ ነው።

ከሴጎቪያ ወጥታችሁ ቶሬካባዬሮስ ወደምትባለው መንደር ስትቀርቡ መንገዱ በድንገት ይሰፋል። ግራና ቀኝ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ፤ መሀሉ ሣር ነው። ስፋቱ ያደናግራል። እርሻ አይደለም፤ የመኪና መንገድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ግጦሽም አይደለም። ጥሩ ሆኖ በተጠበቀበት ቦታ የኳስ ሜዳ ወርዱን ዘርግቶ ካቡን ሳይነካ ይተኛበታል። ስፔኖች እንዲህ ያለውን መንገድ ካኛዳ ይሉታል። ይህኛው ካኛዳ ከሰሜኑ የሶሪያ አውራጃ ይነሳል፤ ከአረቧ ሶሪያ ጋር አይምታታባችሁ። በጓዳራማ ግርጌ አልፎ፣ ደቡብ ምዕራቡን ይዞ፣ እስከ ፖርቱጋል ድንበር አካባቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የእኛ ዙር ከእሱ ላይ የሚነካው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው።

የሠሩት በጎች ናቸው። የካስቲያ አየር ለበግ አይራራም። በብርዱ ወራት ተራራው በረዶ ይለብሳል፤ በሙቀቱ ወራት ደቡቡ ይነዳል። ስለዚህ እረኞች በመከር መንጋውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤክስትሬማዱራ ቆላ ይነዱታል፤ በጸደይ ወደ ሰሜን ተራራ ይመልሱታል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእግር፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር። የቦረና፣ የአፋር ወይም የሶማሌ ልጆች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም።

በ1273 ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ሜስታ ለሚባለው የመንጋ ባለቤቶችና የእረኞች ማኅበር መብት ሰጠ። ማኅበሩ የራሱ ተዘዋዋሪ ዳኞች ነበሩት፤ ካኛዳ የገፋ ገበሬ እነሱ ፊት ይቀርባል። የትላልቆቹ ካኛዳዎች ስፋት 90 ቫራ እንዲሆን ተወሰነ። ቫራ የዘመኑ መለኪያ ነው፤ በዛሬው ሲሰላ 75 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሕጉ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል። ሜስታ በበለጸገበት ዘመን በእነዚህ መንገዶች የሚመላለሰው በግ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

ሜስታን ላወድስ አልመጣሁም። ገበሬው ተበድሏል። ከሱፍ ንግድ ለንጉሡ ግምጃ ቤት ቀረጥ ይገባ ስለነበር ገበሬና መንጋ በተካሰሱ ቁጥር ሚዛኑ ወደ መንጋው ያዘነብል ነበር። መንጋ ስል ደግሞ የድሃ እረኛ ሀብት አይምሰላችሁ፤ ብዙው የመኳንንትና የገዳማት ነበር። እረኛው ዱላውን፣ ውሻውንና ጥቂት የራሱን በጎች ይዞ የሚከተል ቅጥረኛ ነው። ሜስታ በ1836 ፈረሰ፤ ለካስቲያ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ከክርክሩ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ማኅበሩ ሲፈርስ መንገዱ ቀረ።

ለብስክሌት ለምን ተመቸ? መንጋ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየጋጠ ይሄዳል። አርጋዥ በግ አቀበት አትወድም፤ ግልገል ደግሞ ጭራሹን አይችልም። ውሃ ካለበትም መራቅ የለባቸውም። ስለዚህ መንገዱ ተራራውን አይወጣም፤ ግርጌውን ይዞ እየተጠማዘዘ ከጅረት ወደ ጅረት ይሻገራል። የዛሬ የብስክሌት መንገድ ቀያሽ በመሣሪያ የሚፈልገውን የዳገት ልክ በጎቹ በእግራቸው አግኝተውት ነበር። ደግሜ ልበለው፤ መንገዱ የበጎች ነው፤ እኛ እንግዶች ነን።

ከቶሬካባዬሮስ አጠገብ ካባኒያስ ዴል ሞንቴ የሚባል ትንሽ መንደር አለ። እዚያ ቤተ መንግሥት የሚመስል ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ታያላችሁ። የበግ ጠጉር መሸለቻ ነው። መንጋው በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመለስ የሚሸለተው በዚህ ግርጌ በነበሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነበር። አሠራሩ ያስገርማል። በጎቹ ከመሸለታቸው በፊት ዝቅ ባለ ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ያድራሉ። በገዛ ሙቀታቸው ያልባቸዋል፤ ላቡ የሱፉን ቅባት ያለሰልሰዋል፤ ጠዋት መቀሱ ሳይቸገር ይሄዳል። ከዚያ ሱፉ ይለያል፣ ይመዘናል፣ ይታጠባል። ከፊሉ በሰሜን ወደቦች በኩል ወደ ፍላንደርስ ይጫናል፤ ከፊሉ እዚያው ሴጎቪያ ይፈተላል፣ ይሸመናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴጎቪያ በሱፍ ጨርቅ ሥራ ከካስቲያ ከተሞች ግንባር ቀደሟ ነበረች። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያማረ የነጋዴ ቤት ባያችሁ ቁጥር ከጀርባው በግ እንዳለ ገምቱ፤ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም።

የበጉ ዝርያ ሜሪኖ ነው። ስፔን ዘሩ ከአገር እንዳይወጣ ለረጅም ዘመን ስትጠብቅ ኖራ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እጇ ላላ። በ1786 ከ300 በላይ ሜሪኖዎች ከሴጎቪያ ተነስተው በእግራቸው ፈረንሳይ ገቡ፤ የተላኩት ፓሪስ አጠገብ ራምቡዬ ወዳለው የንጉሥ ሉዊ 16ኛ እርሻ ነበር። ቀጥሎ ዘሩ አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ሞላ። እዚህ መሀላችን የግብርና ሰዎች ካላችሁ የደብረ ብርሃኑን ማራቢያ ጣቢያ የኮሪዴል በጎች ታስታውሱ ይሆናል፤ ኮሪዴል ከሜሪኖ የተዳቀለ ዘር ነው። የመንዝ ባና ተከናንቦ ላደገ ሰው ደግሞ ስለ ሱፍ ሙቀት እኔ አልነግረውም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በብስክሌት መደብር በውድ የሚሸጠው፣ ቢያልባችሁ ቶሎ የማይሸተው፣ ቢረጥብም የሚያሞቀው ሹራብና ካልሲ የዚሁ በግ ጠጉር ነው። የሜሪኖ ካልሲ አጥልቆ በካኛዳው ላይ የሚጋልብ ሰው የባለቤቱን ልብስ ለብሶ በባለቤቱ መንገድ እየሄደ ነው። ቢያንስ ሰላምታ ይስጥ።

ሦስተኛው ነጥቤ ከተሞቹ ናቸው። እኩል አላካፍላቸውም፤ የወደድኩትን አበዛለሁ።

በሴጎቪያ ላይ አጭር ልሁን፤ ያለ እኔም የሚያወራላት ሞልቷል። የሮማውያኑ የውሃ ድልድይ ከፍተኛው ቦታ ላይ 28 ሜትር ይደርሳል፤ የግራናይት ድንጋዮቹ ያለ ኖራና ያለ ሲሚንቶ ተደራርበው ወደ 2,000 ዓመት ቆመዋል። በ1474 ኢሳቤላ የካስቲያ ንግሥት ተብላ የታወጀችው በዚህች ከተማ ነው። ማለዳ፣ ጎብኚው ሳይሞላ፣ በድልድዩ ሥር ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ እለፉ። ውስጥ ውስጡ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የሚጋልብበት ሰው ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ከካባኒያስ ቀጥሎ ሶቶሳልቦስ ትመጣለች። መንደር ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ሊቆምለት ይገባል። በጎኑ በቅስቶች የተሠራ ደጀ ሰላም የሚመስል በረንዳ አለው። በሴጎቪያ አውራጃ ሮማነስክ በሚባለው አሠራር የታነጹ እንዲህ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። በረንዳው ለጥላ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሸንጎ ተሰብስቦ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ድንበር የሚመክረው እንዲህ ባሉ በረንዳዎች ሥር ነበር። በዛፍ ጥላና በደጀ ሰላም ሸንጎ መቀመጥ ለእኛ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ብዙ አላብራራም። ኮዳችሁን ከመንደሩ ምንጭ ሙሉና ቀጥሉ።

አሁን ፔድራሳ። ከተማዋ ዐለት ላይ ናት፤ ዙሪያዋን በግንብ ታጥራለች፤ መግቢያዋ አንድ በር ብቻ ነው። የገባህበት በር መውጫህ ነው። የመጨረሻው ዳገት አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ወርዶ የሚገፋ ቢኖር ማንም አይስቅበትም፤ እኔ ራሴ ከሚገፉት ወገን ነኝ። ከበሩ በላይ የድሮው እስር ቤት አለ። አደባባዩ ከእንጨትና ከድንጋይ ዓምዶች በላይ በተሠሩ ሰገነቶች ተከቧል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ያምራሉ።

በዳርቻው ያለው ቤተ መንግሥት አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ በ1525 ፓቪያ ላይ በስፔኑ ንጉሥ ጦር ተሸንፎ ተማረከ፤ በሚቀጥለው ዓመት የተፈታው ሁለት ወንዶች ልጆቹን መያዣ አድርጎ ነው። ትልቁ የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ ታናሹ ገና 7 እየሞላው። ከአንዱ የካስቲያ ምሽግ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ቆይተው የመጨረሻውን ጊዜ ፔድራሳ ላይ አሳለፉ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1530 ነው። ታናሹ ኋላ ሄንሪ 2ኛ ተብሎ በፈረንሳይ ነገሠ። አንድ በር ብቻ ያላት ከተማ ለእኛ ውበት ናት፤ ለእነዚያ ልጆች ምን እንደነበረች በአደባባዩ ተቀምጣችሁ ቡና ስትጠጡ አስቡት። ያው ቤተ መንግሥት ፈርሶ ከኖረ በኋላ በ1920ዎቹ ሠዓሊው ኢግናሲዮ ሱሎአጋ ገዝቶ አድሶታል።

ስለ ፔድራሳ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ከማድሪድ በሚመጣ ሰው ትጨናነቃለች፤ ማክሰኞ ብትሄዱ የአብዛኛው ቤት መስኮት ዝግ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የአካባቢው መንደሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወጣቱ ወደ ማድሪድና ወደ ፋብሪካ ከተሞች ነጎደ። በብዙ መንደር የቀረው ቤተ ክርስቲያንና አንድ ቡና ቤት ነው፤ ቡና ቤቱ ከተዘጋ ሽማግሌዎቹ የሚገናኙበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ውሃ በነጻ ቀድታችሁ ብቻ አትለፉ፤ ቡና ጠጡ፣ ዳቦ ብሉ፣ ሒሳብ ክፈሉ።

በሁለተኛው ቀን መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ከካኛዳው እንለያለን፤ በስንዴና በገብስ ማሳዎች መካከል በእርሻ መንገድ ወደ ቱሬጋኖ እንወርዳለን። እዚያ አካባቢ የጥድ ደን ይጀምራል። በግንዱ ላይ ቁስልና ከሥሩ የተንጠለጠለ ኩባያ ካያችሁ ሙጫ እየተለቀመ ነው፤ የመተማን ዕጣን አቆራረጥ ያየ ሰው ሥራው ወዲያው ይገባዋል። ደኑ ውስጥ አሸዋ አለ። አሸዋ ላይ መሪውን አጥብቆ መያዝ አያዋጣም፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ በቀላል ማርሽ፣ ሳያቋርጡ መርገጥ ነው።

የቱሬጋኖ ምሽግ እንግዳ ፍጥረት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ ነበር፤ የሴጎቪያ ጳጳሳት ኋላ ምሽጉን ዙሪያውን ሠሩበት። ስለዚህ ከጦር ግንብ መሀል የደወል ቤት ብቅ ብሎ ይታያል። የስፔኑ ንጉሥ የፊሊፕ 2ኛ ጸሐፊ የነበረው አንቶኒዮ ፔሬስ ከንጉሡ ጋር ሲጣላ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ከጳጳሳቱ አንዱ፣ ሁዋን አሪያስ ዳቪላ ነው። ከቱሬጋኖ ብዙ በማትርቀው በአጊላፉዌንቴ መንደር በ1472 የካህናት ጉባኤ ጠራ፤ የጉባኤውን ውሳኔም ሁዋን ፓሪክስ በተባለ ጀርመናዊ አታሚ አሳተመ። በስፔን ምድር የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ቅጂው ዛሬ በሴጎቪያ ካቴድራል ይገኛል። የጉባኤው ቦታ ማድሪድ ሳትሆን፣ ቶሌዶ ሳትሆን፣ ከዙራችን ብዙ የማትርቅ የገጠር መንደር ናት! ቱሪዝም የምትማሩ ወጣቶች እንዲህ ያለ ነገር በእጃችሁ ሲገባ አትጣሉት።

አራተኛው ነጥብ አጋላለቡ ነው፤ በፍጥነት እሄዳለሁ።

የሚመቸው ጊዜ ግንቦትና ሰኔ፣ ደግሞም መስከረምና ጥቅምት ነው። በሙቀቱ ወራት የምትሄዱ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ዝናብ ከጣለ በኋላ በእርሻው መንገድ ላይ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጎማውን አላንቀሳቅስ ይላል፤ አንድ ቀን መጠበቅ ይሻላል። የፊት ንዝረት መምጠጫ ያለው ተራ የተራራ ብስክሌት በቂ ነው፤ ዋጋው የመኪና የሆነ ብስክሌት አያስፈልግም። እሾህ ስላለ መጠባበቂያ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ፓምፕ ያዙ።

የመንደር ሱቅ ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋል። ይህን የረሳ ሰው ይራባል። ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር፤ የሴጎቪያ ዝና የአሳማ ግልገል ጥብስ ነው፤ ከእኛ አብዛኛው አይበላውም። አትጨነቁ፤ ፔድራሳ የበግ ግልገል ጥብስ አገር ናት። ጿሚ ደግሞ የአካባቢውን ትልልቅ ነጭ አደንጓሬ አይቶ ደስ ይለው ይሆናል፤ ግን ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በመንገዱ ላይ የከብት በር ታገኛላችሁ፤ ከፍታችሁ ካለፋችሁ በኋላ ዝጉት። ሁለተኛ፣ መንጋ ካያችሁ ውሻ አለ። የስፔን ማስቲን ትልቅ ውሻ ነው፤ ተኩላ ወደ ጓዳራማ ስለተመለሰ ሥራውን በቁም ነገር ይዟል። ፔዳል አትርገጡ፤ አትሽሹ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ መንጋውን ከሩቅ ዙሩት። ውሻው ሰው አይጠላም፤ የሚጠላው በመንጋው ላይ የሚሮጥ ነገር ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ሕጉ ነው። 75 ሜትር ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ?

ስፔን በ1995 ስለ መንጋ መንገዶች አንድ ሕግ አወጣች። በአገሪቱ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆኑት እነዚህ መንገዶች የሕዝብ ንብረት ናቸው፤ ባለቤትነቱ የየክልሉ መስተዳድር ነው። አይሸጡም፤ በዕዳ አይያዙም፤ አንድ ሰው ስንት ዓመት ቢያርሳቸው በይዞታ ብዛት የእሱ አይሆኑም። የካኛዳ ስፋት ጣሪያም እስከ 75 ሜትር ተብሎ ተጻፈ፤ የሜስታ ቁጥር በዘመናዊ ሕግ ውስጥ ቁጭ አለ። ከመንጋ በተጨማሪ በእግር መሄድ፣ በፈረስ መጋለብና ሞተር በሌለው መጓጓዣ ስፖርት መሥራት ተፈቀደ። አንድ ግዴታ አለው፤ ቅድሚያው የመንጋው ነው። መንገዱ የበጎች ነው ብዬ ስነዘንዛችሁ የቆየሁት ለዚህ ነው፤ የእኔ ቅኔ ሳይሆን የአገሩ ሕግ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ተጠብቋል ማለት አይደለም። ብዙ ካኛዳ አስፋልት ተነጥፎበታል፤ ቤት ተሠርቶበታል፤ ግድብ ውጦታል፤ ጎረቤት ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋ አጥብቦታል። የምትጋልቡበት ሰፊ ሣር በድንገት አንድ ጋሪ የማያሳልፍ ሲሆን ያንን እያያችሁ ነው። ስለዚህ በማድሪድ ከ1994 ጀምሮ በየመከሩ እረኞች መንጋቸውን በከተማዋ መሀል ያሳልፋሉ፤ በ1418 በተደረገ ስምምነት መሠረት ለሺህ በግ 50 ማራቬዲ የሚባለውን የጥንት ገንዘብ ለከተማው አስተዳደር ይከፍላሉ። ሥነ ሥርዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየዓመቱ የተጠቀሙበት መብት አይረሳም ማለታቸው ነው። በ2023 ዩኔስኮ የስፔንን የመንጋ ጉዞ ከሌሎች አገሮች ጋር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ጥያቄ ልተው። በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይተናል፤ ብዙዎቻችሁም ዛሬ ወደዚህ የመጣችሁት በእሱ ላይ ይሆናል። መኪና ሲቆምበት፣ ዕቃ ሲደረደርበት የሚከላከልለት ምንድን ነው? መስመሩን የሠራው አካል ነገ ሐሳቡን ቢለውጥስ? ካስቲያዎች የብስክሌት መንገድ ለመሥራት ብለው አልተነሱም፤ ለበግ የሰጡትን መብት ሳይነጥቁ ስለቆዩ ለብስክሌት ተረፋቸው። የእኛ አርብቶ አደሮች የሚመላለሱባቸው መንገዶችስ በየትኛው ሕግ፣ በስንት ሜትር ተጽፈዋል? ከመሀላችሁ የሕግ ሰው ካለ እሱን ብሰማ እወዳለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ ምክሬ ይህ ነው፤ በመከር ሂዱ፤ የማድሪዱን የመንጋ ሰልፍ ቀን አስቀድማችሁ አጣሩና ሰልፉን አይታችሁ በማግስቱ በባቡር ወደ ሴጎቪያ ተሻገሩ። በፈጣኑ ባቡር ብስክሌት እንደልብ ስለማይጫን እዚያው መከራየት ይቀላል። ካርታውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጠረጴዛው ላይ አለ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ ከኋላ በኩል እጅ ያወጣችው ልጅ ትጀምር።